ጥፍሯ እስኪነጻ

መጀመሪያ ያየችው አዛለች ናት። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የሰፈሩ ሴቶች የተሸለተ የበግ ጸጉር ሊያጥቡ ምንጭ ወርደው ነበር። ጸጉሩ ታጥቦ ይፈተላል፤ ከዚያ ባና ይሆናል። መንዝ ላይ ክረምት ያለ ባና አይወጣም። ውባየሁ እጇን ከውሃው ስታወጣ አዛለች አውራ ጣቷን ያዝ አደረገችው።

ከጥፍሩ ሥር ተነስቶ ጫፉ ድረስ የሄደ ጥቁር መስመር ነበር። ወደ ሰማያዊ ይመታል። የቀሩት ጣቶችም እንደዚያው ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አዛለች።

«የጥቁር በግ ጸጉር ነው እትዬ። ይዞኝ ነው።»

አዛለች ከምንጩ ዳር አሸዋ ዘግና ጥፍሩን አሸችው። አልለቀቀም። የድርሻዋን ጸጉር ጨምቃ በቅርጫት አደረገችና ከሌሎቹ ቀድማ ሽቅብ ወጣች።

የውባየሁ አባት አቶ ተክለጻድቅ ይህን የሰሙት ከራሷ ከልጃቸው ነው። አንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ቤታቸው ለየብቻ ነው። ከእርሻ ገብተው በሬዎቹን ሲያስሩ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«አዩብኝ» አለቻቸው።

ምን እንዳዩባት መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ነገሩን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው መንደሩ ውስጥ አልነበረም።

ባሏ አንዷለም ከድንበሩ ጦርነት ሲመለስ ደህና ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሳ፣ አሳለው፣ ተኛ፣ ሞተ። የሳምባ በሽታ ነው ተባለ። ሌላም ይባል ነበር፤ ለቅሶ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። እሱ በሞተ በዓመቱ ውባየሁም ተኛች። አቶ ተክለጻድቅ በበቅሎ ጭነው ሞላሌ አወጧት፤ ከዚያ በመኪና መሐል ሜዳ አደረሷት። ደሟ ታየ። የአንዷለም በሽታ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑ በነጻ መታደል ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበርና ለእሷም ደረሳት። ጽናት የምትባል ነርስ አባትና ልጁን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ያስመልስሻል አለች። ጥፍርሽም ሊጠቁር ይችላል፤ የመድኃኒቱ ነገር ስለሆነ አትደንግጪ፤ ካስቸገረሽ እኔ ዘንድ ነይ እንጂ በራስሽ እንዳታቋርጪ። አቶ ተክለጻድቅ ሁሉንም ሰምተዋል። ልጃቸውን ከአልጋ ያነሳት ያ ክኒን መሆኑንም በዓይናቸው አይተዋል።

አሁን ጥፍሩ ጠቆረ። ነርሷ እንዳለችው ነው የሆነው። መንደሩ ግን ነርሷ ያለችውን አልሰማም። መንደሩ የሰማው ራቤል ላይ አንድ ሰው ጥፍሩ እንዲህ ጠቁሮ ከረመና ሞተ የሚለውን ነው። ሰውየው መድኃኒቱን የጀመረው አንዴ ካለቀለት በኋላ እንደነበር የሚያወራ የለም። ጥፍሩ ብቻ ነው የሚወራው። ስለዚህ ሰው እጅ ማየት ጀመረ። ገበያ ላይ ጨው ሲሰፍሩ እጅ ያያሉ፤ ቤተ ክርስቲያን መስቀል ሲሳለሙ እጅ ያያሉ።

አቶ ተክለጻድቅ የአቦ ማኅበር ሙሴ ናቸው። ሙሴ የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ጽዋውን ከደጋሹ ተቀብሎ ለባለ ተራው የሚያስረክብ እሱ ነው። ማኅበሩ በየወሩ በአምስት በአንዱ አባል ቤት ይጠጣል። የአንዷለም ቦታ ከሞተ በኋላ ለሚስቱ ተላልፏል። የእሷ ተራ ጥር ላይ ነበር። እዚህ አገር ከማኅበር የወጣ ሰው በእግሩ ይሄዳል እንጂ አለ አይባልም። እህሉ ቢረግፍ ደቦ የሚወጣለት የለም። ቢታመም ቃሬዛ የሚይዝለት የለም። ቢሞትም የሚቀብሩት ስለሚሸት ነው።

የሐምሌው ማኅበር መኳንንት ቤት ነበር። ዝናቡ ስለከበደ ሰው ሁሉ ባናውን እንደ ለበሰ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ጠላው ሊቀዳ ሲል ፈንታ ከብብቱ የራሱን የቀንድ ዋንጫ አወጣ። ጥርሴን አሞኝ የማላውቀው ዋንጫ ጠርዙ ይነካኛል አለ።

«የትኛውን ጥርስህን?» አለው መኳንንት። «ያለህ አንድ ነው። እሱንም ለመሐላ ነው የምታስቀምጠው።»

ሰው ሳቀ። ፈንታም ሳቀ። ዋንጫውን ግን ወደ ብብቱ አልመለሰም።

ከዚያ ጽዋው ዞረ። በቀኝ በኩል ከሰው ሰው እየተሻገረ ውባየሁ ዘንድ ደረሰ። እሷ ቀምሳ ለአዛለች አቀበለቻት። አዛለች ክዳኑን ተሳለመች፤ አልጠጣችም። ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈችው። እሱም ጽዋውን አዙሮ ከማዶው ጠርዝ ቀመሰ። አቶ ተክለጻድቅ ከመደቡ ላይ ሆነው ሁሉንም አዩ። የማኅበሩ ቄስ መምሬ በዕውቀቱም አዩ፤ አይተው ጺማቸውን ቁልቁል መመልከት ያዙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ውባየሁ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ከአባቷ ኋላ ትሄድ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ተናገረች።

«አባባ፣ ጥር ላይ ቤቴ ማን ይመጣል?»

የአጥሩን በር ከፈቱላት።

«ክኒኑን ልተወው ነው። እስከ ጥር ብቻ። ጥፍሬ አድጎ ይነጻል። ከዚያ እመለስበታለሁ።»

አቶ ተክለጻድቅ ነርሷ ያለችውን አልረሱም። ግን ሌላም የሚያውቁት ነገር ነበር። ገብስ እየተመላለሰ ተዘርቶበት የደከመ መሬት ያሳርፉታል። ክረምት ከበጋ በግ ይውልበታል። ሲመለሱበት ጉልበቱን ይዞ ይጠብቃቸዋል። ሰውም የተሠራው ከአፈር ነው። ይህን ዕድሜ ልካቸውን አይተዋል፤ ክኒን ያዩት ግን ትናንት ነው።

«መሬትም ያርፋል» አሉ። «ለጥቂት ጊዜ ከሆነ ምንም አይልሽ።»

እሷም ከዚህ በላይ አልጠበቀችም።

ክኒኑን ግን መቀበል አላቋረጠችም። ቀኗ ሲደርስ የፈተለችውን ድርና ማግ ይዛ መሐል ሜዳ ትሄዳለች፤ ገበያ ነው ትላለች። ጽናት ትውጫለሽ ወይ ስትላት አዎ ትላለች። እጇ ከነጠላው አይወጣም። ወደ ቤት ስትመለስ ብልቃጡን በገብሱ ጎታ ውስጥ ትቀብረዋለች።

መጀመሪያ ላይ ደግ ሆነ። ማስመለሱ ተዋት። እህል ጣማት። ፊቷ ላይ ደም ታየ። በጥፍሯ ሥር ጥቁር ያልነካው አዲስ ጥፍር ብቅ አለ፤ ቀስ እያለ ጥቁሩን ወደ ፊት ገፋው። አቶ ተክለጻድቅ እርሻ ከመውረዳቸው በፊት ጠርተው እጇን ያዩ ነበር። ትዘረጋላቸዋለች፤ ያያሉ፤ ይሄዳሉ። ልባቸው ልክ ነበርኩ ይላቸው ጀመር። የመስከረሙ ማኅበር ላይ ጥቁሩ ጥፍሯ አጋማሽ ላይ ደርሶ ነበር። በጥቅምቱ ሰው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ መቀመጥ ጀመረ።

በጥቅምት ማለቂያ ጠዋት ጠዋት አሳላት። ውርጭ ነው አሉ። ውርጩ በዚያ ዓመት ክፉ ነበር፤ የረባዳውን የገብስ ማሳ ሁሉ መትቶት አደረ። የሰው ደረትም ቢይዝ የሚያስገርም አልነበረም።

ኅዳር ሚካኤል ቀን እንደ ልማዱ ጥራጊ ተሰብስቦ በየደጁ ተቃጠለ። የድሮዎቹ ያን የኅዳር በሽታ፣ ሰው ቀባሪ ያጣበትን፣ በጭስ እናባርራለን ብለው ያስለመዱት ነው። ለወትሮው ለሰላምታ እንኳ የማትቆመው አዛለች የውባየሁ በር ላይ መጣች። ጥራጊና ገለባ ይዛ መጥታ የውባየሁ እሳት ላይ ጨመረችው። በሽታ ውጣ እያለች ጭሱን በነጠላዋ ታርገበግበው ነበር። ውባየሁ ሳቀችላት። ከዚያ ጭሱ አፈናትና ሳለች። ጭሱ ቀጠነ፤ ሳሉ አልቀጠነም። አዛለች ገብታ ውሃ ቀድታ እስክትወጣ፣ እሳቱ ረመጥ እስኪሆን፣ ውባየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ትስል ነበር። አቶ ተክለጻድቅ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያዳምጡ ነበር። የሰሙትን ሳል ያውቁታል። ከየት እንደሚያውቁት ግን ማሰብ አልፈለጉም።

ታኅሣሥ ላይ የመጨረሻውን ጥቁር ጫፍ በምላጭ ቆረጠችው። እጇን ይዛ መጣችና ለአባቷ አሳየቻቸው። ነጽቶ ነበር። አቶ ተክለጻድቅ ግን ጥፍሩን ሳይሆን የእጇን አንጓ አዩ። አጥንቱ ወጥቷል።

«ከማኅበሩ በኋላ ወዲያው ነው የምትመለሺበት» አሏት።

«ወዲያው» አለች።

የጥር አምስቱ ቀን ሁሉም መጡ። የቀረ አልነበረም። ጠላው ወርዶ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ቤቱ ሣር ተነስንሶበት ነበር። ፈንታም የቀንድ ዋንጫውን ሳይዝ መጣ።

«ጥርስህ ዳነልህ?» አለው መኳንንት።

«ወለቀ» አለ ፈንታ። «አሁን የማኅበሩ ጠላ እንጂ የሚያመኝ የለም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አዛለች የውባየሁን እጅ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች።

«ተመስገን፣ ነጻልሽ» አለችና ጉንጯን ሳመቻት።

ውባየሁ አፏን ሳትከፍት ፈገግ አለች። ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ አፏን ሳትከፍት ነበር የምትስቀው። አቶ ተክለጻድቅ ይህን አስተውለዋል። እህል እንዳልቀመሰችም አስተውለዋል። ዞር ብላ ስትስል ምላሷ ላይ ነጭ ነገር አዩ፤ እርጎ የጠጣ ሰው ይመስላል። እርጎ ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

መምሬ በዕውቀቱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ውባየሁ በሰፌድ ይዛ ማደል ጀመረች። አባቷ ፊት ስትደርስ አጎነበሰች። እጇ ዓይናቸው ሥር ሆነ።

ጥቁር የለም። ነገር ግን ሁለቱ አውራ ጣቶቿ ላይ፣ ሥጋው ካለቀበት፣ ሌላ ነገር ጀምሯል። ነጭ ነው። ኖራ የተቀባ የሚመስል፣ የማያብረቀርቅ ነጭ። ከሥሩ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ደህና ጥፍር እንዲህ አይነጣም።

አቶ ተክለጻድቅ ዳቦውን ሳይቀበሉ ቆዩ። አንዷለም ተኝቶ ሳለ ጥፍሩን የሚቆርጡለት እሳቸው ነበሩ። ያም እንዲህ ነበር፤ ከሥሩ ጀምሮ የነጣ፣ ምላጭ ሲነካው የሚፈረፈር። መድኃኒት ያልነካው ሰው ነበር። ያን ጊዜ ነጭ ስለሆነ ማንም አልፈራውም።

«አባባ፣ ይቀበሉኝ እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

ተቀበሉ። አልበሉትም።

ቤቱ ደስ ብሎት ነበር። አዛለች ስለ ልጇ ሠርግ ታወራለች። የሚቀጥለው ወር ተራ የፈንታ ስለነበር ሰዎች ጠላህን ውሃ እንዳታበዛበት እያሉ ይነካኩት ነበር። ውባየሁ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ምሰሶው ሥር ቆማ ታያቸዋለች። እንዲህ ያለ ፊት ከታየባት ብዙ ዘመን ሆኗል። አቶ ተክለጻድቅ አይተዋት ገባቸው። ነገ አትሄድም። የካቲት ላይ ፈንታ ቤት መሄድ ትፈልጋለች፤ መጋቢት ላይ ደግሞ አዛለች ቤት። ክኒኑን በጀመረች ማግስት ጥቁሩ ሊመለስ ነውና እስከ ፋሲካ ትላለች፤ ከዚያ እስከ ክረምት። ክረምትም አትደርስም።

ለጽዋው ማስረከቢያ መምሬ በዕውቀቱ ሊነሱ ሲሉ አቶ ተክለጻድቅ በእጃቸው አስቀመጧቸው። ራሳቸው ቆሙ። ሰው እጁን ዘረጋ፤ ሙሴ ምርቃት ሊጀምሩ ነው ብሎ ነው።

«ይህች ልጅ መድኃኒት ትወስድ ነበር» አሉ። «የአንዷለም በሽታ ነው ያለባት። ጥፍሯን ያጠቆረው መድኃኒቱ ነው። እናንተ እንድትመጡላት ብላ ተወችው፤ እኔም አይዞሽ አልኳት። አሁን ነጻልሽ ያላችኋት በሽታው ነው። ነገ እወስዳታለሁ፤ ጥፍሯም ይጠቁራል። አብሬ አልጠጣም የሚል ካለ አሁን ይንገረኝ። ከእኔም አልጠጣም ማለቱ ነው።»

ውባየሁ «አባባ» አለች። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችና ጓዳ ገባች። ከጓዳው ሳሉ ይሰማ ነበር።

ማንም አልጠጣም ያለ የለም። እጠጣለሁ ያለም የለም። መኳንንት ጠላውን እያየ ዋንጫውን አሽከረከረ። መምሬ በዕውቀቱ ተነሱ፤ ጽዋው የአቦ ነው፣ የሰው አይደለም አሉና ጸሎቱን ጀመሩ። ድምፃቸው ለወትሮው ከሚሰማው ያነሰ ነበር። ፈንታ ተራው ስለሆነ ጽዋውን በጋቢው ጫፍ ተቀበለ። ሁልጊዜም በጋቢ ጫፍ ነው የሚቀበሉት። ዛሬ ግን ጨርቁን ደረበው። እልል ያለ ሴት የለም። ዳቦው በየፊታቸው እንዳለ፣ ጠላውም በየዋንጫው እንደ ሞላ ወጡ። አዛለች ከደጁ ወጣ ስትል ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። ሌላ ጊዜ የሰው ጉንጭ ስማ እንዲህ ስታደርግ አቶ ተክለጻድቅ አይተዋት አያውቁም።

በማግስቱ በቅሎዋን ጫኑ። ውባየሁ እንቢ አላለችም። እስከ ሞላሌ፣ ከዚያም መኪናው ላይ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር።

ጽናት ደረቷን አዳመጠች። አፏን አየች። ጥፍሯንም ወደ መስኮቱ ይዛ አየች፤ አይታ እጇን ቀስ አድርጋ ጭኗ ላይ መለሰችላት። አልተቆጣችም። አቶ ተክለጻድቅ ነገሩን አስረዱ። መሬት ሲደክም እንደሚያርፈው ብዬ ነው አሉ።

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ አባቴ» አለች ጽናት። «መሬቱ ሲያርፍ አረሙስ አብሮት ያርፋል?»

አቶ ተክለጻድቅ የልጃቸውን ጥፍር አዩ።

አክታ ተሰጠ። ውጤቱ እስኪመጣ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ቆዩ። ሳምባዋም ተይዟል ተባለ። የሳሉን መድኃኒት አስቀደሙ፤ ሌላውን ከዚያ አስከትለው ጀመሩላት። ጽናት ሲለያዩ አልደበቀቻቸውም። በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነ አይፈራውም፤ ካልፈራው የምሰጣት ሌላ እዚህ የለኝም፤ እናያለን አለች። እንዲህ ስትል ውባየሁን ሳይሆን ወለሉን ነበር የምታየው።

ሞላሌ ላይ ከመኪና ወርደው ያስጠበቋትን በቅሎ ሲይዙ የገበያ ቀን ነበር። ውባየሁ በቅሎዋ ላይ መቀመጥ አቃታት፤ እየወረደች እያረፈች ነው የመጡት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ካብ ተደግፋ ተቀመጠች። ከገበያ የሚመለሱ የመንደራቸው ሰዎች እየደረሱባቸው ያልፉ ነበር። ፈንታ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ አለፈ። አዛለች አህያዋን እየነዳች መጣች፤ ከሩቅ እንደምን ዋላችሁ አለች፤ ሲጠጉ አህያዋን መታ መታ አድርጋ በመንገዱ ማዶ ጥግ ሄደች።

ክኒኑ የሚዋጥበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ውባየሁ ብልቃጡን ከጉያዋ አወጣች። ነጠላዋን አልጋረደችበትም። ሰው እያየ ዋጠችው፤ ኮዳውን አንስታ ውሃ ጠጣች። ከዚያ ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አናገረቻቸው።

«ለምን ተናገሩብኝ?»

«ካልተናገርኩ ትደብቂዋለሽ» አሉ። «ከደበቅሽው ትተይዋለሽ።»

መንገዱን አየች። አዛለች ጋራውን ዞራ ጠፍታለች።

«ይሠራ ይሆን?»

«አላውቅም።»

ሳሉ መጣባት። በሁለት እጇ ካቡን ይዛ እስኪያልፍ ቆየች። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ነፋሱ ከገደሉ አፍ ተነሳ፤ ብርዱ ገባ። አቶ ተክለጻድቅ ባናቸውን አውልቀው ደረቡላት። ተነስታ መሄድ ጀመረች። ልጓሙን ለበቅሎዋ ለቀው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከፊት የሚሄዱት ሰውዬ፣ ከልጃቸው ኋላ ሆኑ። ብትወድቅ እንዲደርሱላት ነው።